የምላጩ ወፎች

ፀጉር ሲያስተካክል በኖረባቸው ዓመታት ደንበኞቹ «ምላጩ» ይሉት ነበር። ስሙ የወጣለት በእጁ ቅልጥፍና ሳይሆን በምላሱ ነው። ሰውዬውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ካሰረና አፉን በሳሙና አረፋ ከሸፈነ በኋላ ስለ ጆሮው ስፋትና ስለ ጭንቅላቱ ቅርጽ የልቡን ይነግረዋል። ሰው ግን አልሸሸውም። ተራ ለሚጠብቀው ሌላው ሲሰደብ መስማት ደስ ይላል።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ዘጋና ሚስቱ ከአባቷ የወረሰችው የገጠር ቦታ ገቡ። ቤቱ በጀርባው በኩል ሰፊ በረንዳ አለው፤ ከበረንዳው ማዶ የብርቱካን ዛፎችና አንድ ኩሬ አሉ። ምላጩ ሁሉንም ናቀው። ጭቃውን ናቀ፣ ጎረቤቶቹን ናቀ፣ ሰው ሁሉ የሚያወድሰውን ንጹህ አየር ሳይቀር «ይበላል እንዴ?» ብሎ ናቀ።

ሚስቱ በልጅነቷ ኩሬው ዳር ወፍ ስታይ ነው ያደገችው። አሁን ግን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ድምፅ ብቻ ነበር የቀራት። አንድ ጠዋት የማታውቀው ጩኸት ሰማችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ወፍ ነዋ» አላት።

«ምን ዓይነት?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? እግሩ ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም። ጡረታ ወጥቶም ሰው ከመቀመጫው እንዲነሳለት የሚጠብቅ ዳኛ ነው የሚመስለው።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማት ቆይቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፊቱን ሳይታጠብ በረንዳው ላይ ይገኝ ጀመር። አናቱ ላይ ጉትያ ያለውን ወፍ «በተጣላው ሰው ፀጉሩን የተቆረጠ ሙሽራ» አለው። ድንቡሼዋን አረንጓዴ ወፍ የሰው በሽታ ለሰፈሩ የምታወራ ነርስ አደረጋት። አይቶት የማያውቀው ወፍ ሲያርፍ ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ወዲያው ለወፉ የሚስማማ ስድብ ፍለጋ ይገባል። ደስ አለህ ወይ ብለው ቢጠይቁት ግን ይጣላ ነበር።

የባንክ ሠራተኛ የሆነው አማቹ፣ የሴት ልጁ ባል፣ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ወፍራም የወፍ መጽሐፍ ይዞ፣ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ዳኛውን ገና ሲያየው «አባባ፣ ይሄ እኮ ሽመላ ነው» አለ።

«ስሙን ጠየቅኩህ?»

አማቹ የወፉን ክብደት ሳይቀር ነገረው። የወፍ ክብደት ሸምድዶ የሚዞር ሰው ሴት ልጁን እንዳገባ ሲያስብ ምላጩ ለልጁ አዘነላት። ይኸው የተናቀ አማች ግን አማቱን ወደ ብርሃን መለስ ብላ እንድትቀመጥ አድርጎ ዓይኗን አየና፣ ይሄ በቀዶ ጥገና ይድናል፣ እኔ ወስጄ አሳክማታለሁ አለ። ምላጩ ሊመርቀው ሲገባ ከፋው። ለምን እንደከፋው ለራሱም አልነገረም።

ፋሻው ተነስቶላት ከክሊኒክ የተመለሰች ዕለት በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ሽመላው ኩሬው ዳር ቆሟል። ትኩር ብላ አየችው።

«ዳኛው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ይሄን የመሰለ ፍጥረት ነው ስታዋርደው የከረምከው?»

«ዓይንሽ ገና አልጠራም።»

ወደ እሱ ዞረች። ያልተላጨ ጺሙን፣ የቆሸሸ ኮሌታውን አንድ በአንድ አየች። «አንተን ግን አጥርቼ አየሁህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ በረንዳውን ተወ። ወፍ ማየት የሥራ ፈት ሥራ ነው እያለ ከቤቱ ፊት ለፊት መንገዱን ሲያይ ይውል ጀመር። መንገዱ ላይ የሚያልፍ አልነበረም። እሷም ተወችው።

አንድ ቀን እጇ ሊጥ እንደያዘ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ብርቱካኑ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ አይታው የማታውቀው ወፍ እንዳረፈ ነገረችው።

«ምን ይመስላል?» አለ ሳይዞር።

«ሆዱ የተነፋ፣ ጅራቱ ያጠረ። አኩርፎ ተቀምጧል፤ የሚለምነው ግን የለም። አንተን ቁርጥ።»

ጫማውን አዟዙሮ ተጫምቶ ተነሳ። ሲደርሱ ቅርንጫፉ ላይ ምንም አልነበረም። እሷ በጫማህ ኮቴ አበረርከው አለችው፤ እሱ ደግሞ ማየት እንጂ ሰው በጊዜ መጥራት አታውቂበትም አላት። ሊጡ ገበታው ላይ እየደረቀ፣ ሁለቱም ቅርንጫፉ ላይ እንዳፈጠጡ ይነታረኩ ነበር።