ካሴቱ ራሱ እስኪቆም

ባለፈው ሰሞን ጤና ጣቢያ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ጠርጋ መርፌውን ስታዘጋጅ፣ ሽታው ሐይቅ ከተማ ወዳደግኩበት ቤት ይዞኝ ሄደ። ሌላው ሰው አልኮል ሲሸተው ሕመም ነው ትዝ የሚለው፣ እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነው። ሰይድ ከመድኃኒት ቤት ለምኖ ባመጣት ጠብታ አልኮል ጥጥ ነክሮ፣ የቴፑን ክዳን ከፍቶ፣ ካሴቱ የሚታከክበትን ብረት የሕፃን ዓይን እንደሚያጸዳ ሰው ቀስ ብሎ ይጠርግ ነበር። ሲጨርስም ጥጡን ወደ ብርሃን ያነሣና ቡናማውን እድፍ እያሳየኝ፣ «አየሽው? ይሄን ሁሉ ከዘፈኑ ጋር ስንሰማው ነበር» ይለኝ ነበር።

ሰይድ ሮክ ወዳድ ነበር። በዚያ ዘመን በሐይቅ ሮክ የሚሰማ ሌላ ሰው እንደነበረ አላውቅም፣ ከነበረም ተደብቆ ነው የሚሰማው። ጅዳ አንድ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ አብሮት የሚያድር ፊሊፒኖ ነበረና ያንን ሙዚቃ የለከፈው እሱ ነው። የሰፈራችን ልጆች ከዐረብ አገር ሲመለሱ ብርድ ልብስና ወርቅ ይዘው ይመጡ ነበር፣ ወንድሜ ግን መኖሪያ ፈቃድ የለህም ተብሎ ሲባረር ይዞ የገባው አንድ ጥቁር የኤሌክትሪክ ጊታርና በፌስታል የታጨቀ ካሴት ነበር። ክረምት ነበር፣ ከሐይቁ የሚነሣው ጉም ግቢያችን ድረስ ይገባ ነበር፣ ጎረቤቱም «እንኳን አላህ ለአገርህ አበቃህ» ሊለው እየመጣ ዓይኑን ከጊታሩ ላይ ሳይነቅል ተቀምጦ ይሄድ ነበር። እናቴ ለሁሉም «ሻንጣው ኋላ ይመጣል» ትላቸው ነበር። ኋላ የመጣ ሻንጣ የለም።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን ሰይድ የሙዚቃ አስተማሪዬ ሆነ። እንግሊዝኛው ለሁለታችንም ስለማይገባን አልበሞቹን የምንጠራቸው በሽፋናቸው ነበር፣ «ባለ ድልድዩ»፣ «ባለ ጭሱ»፣ «ባለ አጥንቱ» እያልን። ባለ አጥንቱ ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል ስለነበረበት እናቴ «ይሄ ሸይጧን ከቤቴ አያድርም» ብላ የሳሙና ወረቀት ለጠፈችበት፣ ስለዚህ በቤታችን ከሁሉ የከፋ ጩኸት ያለበት ካሴት ላዩ ላይ ፀጉሯን የምትታጠብ ቆንጆ ሴት ነበረች። ሰይድ ስለ ጊታር ተጫዋቾች ሲናገር ፍርድ የሚሰጥ ቃዲ ይመስል ነበር። የባለ ጭሱ ጊታሪስት ጣቱ ለጉድ ይፈጥናል፣ ሰይድ ግን «የሚፈጥነው የሚለው ስለሌለው ነው፤ ገበያ ላይ ብዙ የሚምል ነጋዴ አላየሽም?» ይል ነበር። የባለ ድልድዩን ይወደው ነበር፣ ሰውየው አንዲቱን ድምፅ ስቦ ስቦ ልትበጠስ ስትደርስ ይተዋታልና። ቀስ ያሉትን የፍቅር ዘፈኖች «ካሴቱ እንዲሸጥ የገቡ ናቸው» እያለ ይንቃቸው ነበር። በዚህ ያኔም አልስማማም ነበር፣ ዛሬም አልስማማም፤ እንዲያውም የባለ አጥንቱ ሰዎች እውነት የሚናገሩት ሲጮኹ ሳይሆን ሲያለቅሱ ነው።

አንድ የማይቀልድበት ሕግ ነበረው። አልበም ተጀምሮ አይቋረጥም፣ ያልወደዱትን ዘፈን መዝለል የለም፣ ካሴቱ አልቆ ቁልፉ ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪነሣ ድረስ ወደ ቴፑ እጅ አይዘረጋም። «ዝም ያለ ቢመስልሽም ተይው፣ ጥሩውን የሚደብቁት መጨረሻ ላይ ነው» ይለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ የግሸን ተጓዦችን የጫኑ መኪኖች በከተማችን ማለፍ ሲጀምሩ፣ ሰይድ ከአባቴ ጋር እህል ሊያመጣ ውጫሌ ገበያ ወረደ። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ሆኖ ነበር። ገበያ መሐል አንድ ሽማግሌ በማሲንቆ አምባሰልን ሲጫወት ሰምቶ፣ እህሉንም አባቴንም ረስቶ ሲያዳምጥ ውሎ ኖሯል። «ሰውየው በአንድ ጭራ የባለ ድልድዩን ያደርገዋል። ወላሂ፣ ያቺኑ ድምፅ፣ ሊበጥሳት ሲል ይተዋታል። እኔ ይሄን ፍለጋ ባሕር ተሻግሬ ከፊሊፒኖ እማራለሁ» እያለ እየሳቀ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊታሩን ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ አምባሰልን ይፈልግ ጀመር። ማጉያው የተቀደደ ስለነበረ ድምፁ ይሻክር ነበር፣ ለእሱ ግን ውበቱ መሻከሩ ነበር። ለአባቴ ውርደት ነበር። ጎረቤቱም «የዐረብ አገር ፀሐይ ራሱን መትቶት ነው» ብሎ ፈረደ፣ አሁንም ያንን ፍርድ ሳስታውስ ደሜ ይፈላል።

በጋው ሲገባ እህታችን ዘይነባ ጅዳ ሄደች። ከሰይድ ታናሽ፣ ከእኔ ታላቅ ነበረች፣ ትምህርቷም ደህና ነበር። አባቴ እራት ላይ ማንንም ሳያይ «አንዱ ያቃተውን አንዷ ትሞክረዋ» አለ፣ ሰይድ እጁን ታጥቦ ተነሣ። ማንም ግን አትሂጂ አላላትም።

ያኔ ቤታችን ስልክ አልነበረም፣ የዘይነባ አሠሪዎችም ስልክ አያስነኳትም ነበር፣ ስለዚህ እንደ ሌላው የአገራችን ሰው የምንገናኘው በካሴት ነበር። መንገደኛ ሲገኝ ቤተሰቡ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ቴፑ መሐል ይገባል፣ ከትልቅ ጀምሮ እስከ ትንሽ ሁሉም ሰላምታውን ያወርዳል፣ አባቴ በዱዓ ይዘጋል። ባዶ ካሴት ሲጠፋ ደግሞ የዘፈን ካሴት ይወሰድና፣ እንዳይቀዳበት የተሰበረችው ቀዳዳ በወረቀት ተወትፋ፣ በላዩ ይቀዳበታል። በዚህ ዓይነት የሰይድ አልበሞች በየተራ ጅዳ ገቡ። ባለ ጭሱ ሲሄድ «እሱስ ይሂድ፣ ብዙ ያወራ ነበር» ብሎ ሳቀ። ባለ ድልድዩ ሲሄድ ግን ሰንብቶ ነው ያናገረን። «የአክስትሽ ልጅ አግብታለች፣ ላሟ ወልዳለች» የሚለው ወሬ በላዩ ተቀድቶ ሄደ፣ ከቤቱ ማንም ይወሰድ ወይ ብሎ አልጠየቀውም።

በበልግ ሰይድ የራሱን መቅዳት ጀመረ። ደሴ ያለ አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት «እስቲ ቀድተህ አምጣው፣ ከወደድኩት ለሰዎች አሰማልሃለሁ» ብሎት ነበር። መብራት ሲመጣ እየሮጠ፣ ሲጠፋ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሞቀ፣ ሲሳሳት እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመረ፣ አንዱን ካሴት ሞላው። ቤታችን ያለው አንድ ቴፕ ስለነበረ ሌላ ቅጂ ማውጣት አይቻልም ነበር። እኔን እንኳ አላሰማኝም፣ «ደሴ ደርሶ ሲመለስ ትሰሚዋለሽ» አለኝ። እንደዚያ ሰሞን ተስፋ ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም።

በዒድ ማለዳ ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆኖ ሳለ ሐዋ የምትባል ጎረቤታችን ወደ ጅዳ የምትሄድበት ቀን ስለተሳበባት አሁን መነሣቷ መሆኑን ልትነግረን መጣች። ከዘይነባ በመጨረሻ የደረሰን ካሴት ከወሬ ይልቅ ለቅሶ የበዛበት ነበር፣ «የእማን ድምፅ ስደዱልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ» ትል ነበር። የሰይድ ካሴቶች ወይ ሄደዋል ወይ ተበጥሰዋል፣ እናቴ የቀረውን ፌስታል ብትዘረግፈው የሚሆን አጣችና መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። ሐዋ በር ላይ ቆማ፣ «እንዴ፣ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው» ትላለች። ሰይድ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ካሴት ይዞ ወጣ። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ተቀበለችው። ሰላምታው ተቀዳ፣ ዱዓውም ተደረገ። የሰይድ ተራ ሲደርስ «ዘይነብ፣ አብሽሪ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ብቻ ለእኔ አሳለፈልኝ።

ከሳምንታት በኋላ «ደሴ ምን አሉህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አልወደዱትም» አለኝ። ወሬው በቤቱ ተዛመተ፣ አባቴም እስኪሞት ድረስ «ደሴ እንኳ ያልፈለገው ጩኸት» ይለው ነበር። ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሚቀጥለው ክረምት እርጥበት አጣመመው። ክረምቱ ሲወጣ ሰይድ በየመን በኩል ሄደ፣ በባሕር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ፣ መሞቱንም ያየ የለም። እናቴ ከዐረብ አገር የተመለሰ ሰው በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ደርባ እየሄደች ትጠይቅ ነበር፣ እንደጠየቀችም ሞተች።

ዘይነባ ጉልበቷን እዚያ ጨርሳ ዘንድሮ ተመለሰች። ከሻንጣዋ መጀመሪያ ያወጣችው በስካርፍ የተጠቀለለ ካሴት ነበር። «የእማ ድምፅ ያለችበት ነው። አሠሪዎቼ ሲወጡ ተደብቄ እሰማትና፣ አባ ዱዓውን ሲጨርስ የባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅብኝ ቶሎ አጠነጥናታለሁ» አለችኝ። ከጥገና ቤት አሮጌ ቴፕ ተውሼ፣ ብረቱን በአልኮል ጠርጌ፣ ሁለታችን ብቻ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን።

እናቴ ቁልፉን ቀድማ ተጭናው ኖሮ ከሰላምታው በፊት ያለው ንግግር ተቀድቷል። «ምን አለበት ይሄ?» ትላለች። «ምንም የለበት እማ፣ ባዶ ነው» ይላል የሰይድ ድምፅ። ከዚያ ሙታኖቻችን በየተራ ሰላምታ ሰጡ፣ እኔም በልጅ ድምፄ ስለ አዲስ ጫማዬ ቀባጠርኩ፣ የአባቴ ዱዓ አለቀ። ዘይነባ እንደለመደችው ለማጠንጠን እጇን ስትሰድ ያዝኳት። የሰይድን ሕግ አክብሬ ነው እንጂ የምጠብቀው ነገር አልነበረም። ጥቂት ጊዜ ሽሽ ሲል ቆየና፣ ከመሐሉ የተቆረጠ የጊታር ድምፅ መጣ። አምባሰል ነበር።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፣ እኔ ግን ወንድሜን ከእርሱ በተማርኩት ፍርድ ልፍረደው። ጣቱ ይዘገያል፣ ሁለት ቦታ ይሳሳታል፣ ማጉያው ያፍናል። ግን ያቺን ድምፅ ስቦ ስቦ ሊበጥሳት ሲል ተዋት፣ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ። ቁልፉ ቀጭ ብሎ ሲነሣ ዘይነባ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ፣ «ባዶ ነው ብሎ ነበርኮ» አለች። ደሴ ያልደረሰውን ካሴት ዕድሜ ልኳን በኪሷ ይዛው ዞራለች።

ዛሬ የአክስቴ ልጅ የወለደችው ልጅ ስልክ ውስጥ የዓለም አልበም ሁሉ አለ፣ አንዱንም ግን ሳያጋምስ ወደ ሌላው ይዘላል። በቀደም አምባሰልን በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ወጣት አሰማኝና፣ «አክስቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተሞክሮ አያውቅም፣ ሰው ሁሉ አብዷል» አለኝ። ተጫዋቹ ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። ያኔ በዚያ ምንጣፍ ላይ ሰው ሞልቶ ሳለ ሰይድን አንድ ሰው እንኳ ምን ቀዳህ አላለውም፣ ዛሬ እኔና ዘይነባ አርብ አርብ እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን፣ «ወደድነው» ብለን የምንነግረው ግን የለም።