አክስቴ የሺ በችሎት ፊት

ባለፈው ሰሞን ለጎረቤቴ ልመሰክር ፍርድ ቤት ሄጄ አንድ መስማት የተሳነው ጎልማሳ ቃሉን ሲሰጥ አየሁ። አንዲት ወጣት አጠገቡ ቆማ በእጁ የሚናገረውን በአፏ ታወጣለች፤ ዳኛዋም እሱን እያዩ ይጽፋሉ። ሰው ሁሉ እንደ ተራ ነገር ነው የሚያየው። እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ጎኔ የነበረች ሴት «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ። አዎ አሞኛል፤ ሕመሙ ግን የዛሬ አይደለም።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ቅኔ ቤቱን ጥዬ ቢቸና ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ አቤቱታ እጽፍ ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ በብዕሬ የምኮራ ጉረኛ ነበርኩ። የእናቴ ታናሽ እህት የሺ ከከተማው የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ የአያቴን ርስት ይዛ ብቻዋን ትኖራለች። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ጎተራዋ ጎድሎ አያውቅም። በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ የባቄላ እሸት በነጠላዋ ቋጥራ ታመጣልኝና በእጃችን እናወራለን። እሷ ቤት ስላደግኩ ቋንቋዋን ከአፍ መፍቻዬ እኩል ነው የማውቀው።

አጎቴ ቢሻው ሞጣ ነው የሚኖረው፤ ቅኔ ቤት ሳለሁ ስንቅ ይልክልኝ የነበረው እሱ ነው። አንድ ቀን ከበቅሎው ወርዶ፣ አዋራውን ሳያራግፍ አጠገቤ ተቀመጠና ማመልከቻ ጻፍልኝ አለኝ። አዲሱ ሕግ ራሳቸውን ማስተዳደር ለማይችሉ ሞግዚት ይሰጣል ብለው ነግረውታል፤ ለእህቴ ጠባቂ ልሁን ነው የሚለው። ደግ ነገር መሰለኝ። እሱ የነገረኝ ሁለት መስመር አነሰብኝና «አእምሮዋም ያልተሟላ በመሆኑ» የምትል ከራሴ ጨመርኩ። ጽሑፉን ታሳምረዋለች ብዬ እኮ ነው! ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

በቀጠሮው ቀን የሺ ቅቤ ተቀብታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ዳኛው ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተሹመው የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የርስቷን ወሰን ጠየቋት። አጎቴ እጁን ወደ መሬቱ አቅጣጫ ሲዘረጋ አየችና ነገሩ ገባት። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ወንዙን፣ ዳገቱን፣ የጤፉንና የሽንብራውን ማሳ በጣቷ አቧራው ላይ አሰመረች፤ ደረቷን እየመታች የእኔ ነው አለች። ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ግን ችሎቱን አስደነገጠ። እኛ አገር ዳኛ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ መሬት አይጫርም። ከኋላዬ አንዱ «ለይቶላታል» አለ፤ ሰው ሳቀ።

ዳኛው አልሳቁም። ዙሪያውን ቃኙና «የዚችን ሴት ቋንቋ የሚያውቅ አለ?» ብለው ጠየቁ።

አለ፤ እኔ ነኝ። አጎቴ ዞሮ አየኝ። ስንቁን አሰብኩ፤ የጨመርኳትን መስመር አሰብኩ፤ ብነሳ ውሸታም መባሌ ነው። ዝም አልኩ። ደግመው ጠየቁ። አሁንም ዝም አልኩ። ወረቀቴን አነበቡና አጎቴን ሞግዚት አደረጉት።

ደጅ ስንወጣ የሺ እየሳቀች ክንዴን ያዘችኝ። እኔን እዚያ ስላየችኝ የተፈረደላት መስሏታል። ጤፉ ሲታጨድ እንድመጣ በእጇ ነገረችኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጤፉ ሳይታጨድ አጎቴ ቤቷን አፍርሶ ሞጣ ወሰዳት፤ ውኃ ቀጂና እህል ፈጪ አደረጋት። ኋላ አንድ አዛውንት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሕጉን አውጥተው አነበቡልኝ። «ልጄ፣ ይህን ጥበቃ እሷ ከፈለገች ራሷ ትጠይቀዋለች እንጂ ሌላው አይጭንባትም ነበር፤ የተጫነባት አእምሮዋ ያልተሟላ ነው ተብሎ ስለተጻፈ ነው» አሉኝ።

ሞጣ ሄጄ አንድ ጊዜ አየኋት። ከወፍጮው ቀና ብላ አየችኝ፤ እጇን ግን አላነሳችም። ይቅር በይኝ ልላት እጄን ሳነሳ ፊቷን ወደ ወፍጮው መለሰች።

ዛሬ ልጆቼ ሕጉ ተሻሽሏል፣ አስተርጓሚም ይመደባል ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። የያኔው ሕግ ነው ጥፋተኛው ብለው ሊያጽናኑኝ ሲሞክሩ ግን እሺ አልልም። ዳኛው እኮ ሁለት ጊዜ ጠይቀው ነበር።