የአንድ ዋንዛ ሁለት ባለቤቶች

ቢቸና ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ አለኝ። ጣውላ አልሸጥም፤ ሰው የራሱን ግንድ ያመጣል፣ እኔ በፈለገው ውፍረት ሰንጥቄ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ጣውላውን ጭኖ ይሄዳል፣ ሰጋቱራው ለእኔ ይቀራል። ሥራው ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው። ችግሩ ግንድ ብቻውን መጥቶ አለማወቁ ነው። ከነክርክሩ ነው የሚመጣው። ዛፉን ማን ተከለው፣ የማን ድንበር ላይ ነበር፣ ማን ሳያስፈቅድ ቆረጠው የሚለውን ሳላጣራ መጋዜን አላስነሳም። አንድ ጊዜ ሳላጣራ የሰነጠቅኩት ባሕር ዛፍ የጎረቤት ሆኖ ተገኝቶ ቀበሌ ስመላለስ ከርሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደ መርማሪ ነው የምጠይቀው፤ ደንበኞቼም ለምደውኛል።

ከክርክሩ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ሚስማር ነው። በእኛ አገር የግቢ ዛፍ ዛፍ ብቻ አይደለም። ልብስ ማስጫ ሽቦ ይታሰርበታል፣ በቅሎ ይታሰርበታል፣ የበር ማጠፊያ ይመታበታል። ዛፉ ደግሞ ዝም ብሎ ሁሉንም ይውጣል፤ ቅርፊቱ ገጥሞ ከላይ ሲያዩት ምንም የለም። «ሚስማር አለው?» ብዬ ስጠይቅ እስከ ዛሬ «አዎ» ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ይምላል። መጋዙ ብረት ሲነካና ጥርሱ እንደ ጥይት ሲፈናጠር ግን መጀመሪያ ከግድግዳው ኋላ የሚደበቀው ያ የማለው ሰውዬ ነው።

የሁዳዴ ጾም እንደተጋመሰ አንድ አይሱዙ ትልቅ የዋንዛ ግንድ ጭኖ ግቢዬ ገባ። ውፍረቱን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ እንዲህ ያለ ዋንዛ አሁን አሁን አይገኝም። ከጋቢናው አንድ ጎልማሳ ወረደ። የቢቸና ሰው ነው፤ በዓይን አውቀዋለሁ። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት በበሩ ገባች። ከሞጣ በጠዋቱ መኪና ነው የመጣችው። ግንዱ ባይኖር ኖሮ አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም ትላላችሁ። እሱ ግንዱ ጫፍ ላይ፣ እሷ ሌላው ጫፍ ላይ ቆሙ።

እህትና ወንድም ናቸው። ዋንዛው የእናታቸው ነው፤ ከግቢዋ የተቆረጠ። ሽማግሌዎች ናቸው ተሰንጥቆ እኩል ይካፈሉ ብለው የፈረዱት። እስኪፈረድ ግንዱ ተጋድሞ ከርሞ ደርቋል፤ ለእኔ ሥራ ጥሩ ነው፣ ለእነሱ እንጃ።

«ለሴትዮዋ ንገሪልኝ» አለኝ ወንድሙ፣ እሷ ሦስት ክንድ እንኳ ሳትርቅ፣ «እኔ በር ነው የማሠራ። ከመሀል የሚወጣውን ሰፊውን ነው የምፈልግ።»

«ለሰውዬው ንገሪው» አለች እህቲቱ ወደ እኔ ዞራ፣ «እኔ ልጄን ልድር ነው። የሙሽራ አልጋ በጠባብ ጣውላ አይሠራም።»

«ሚስማር አለው?» አልኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመልሳቸው ብዬ።

«የለውም!» አሉ ሁለቱም እኩል። የዚያን ቀን መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ይኸው ነበር። እኔም ከነጥርጣሬዬ ግንዱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ ቅርፊቱ ሙሉ ነው፣ ጠባሳ እንኳ የለውም።

ሠራተኛዬ ግንዱን በገመድ እየለካ ሳለ እኔ የመልእክት ሥራዬን ቀጠልኩ። ንገሪው፣ ንገሪያት። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። «እኔ ስልክ ነኝ እንዴ?» አልኳቸው። «ሰንጣቂ ነኝ! ወይ ተነጋገሩ ወይ ዝም በሉልኝ!»

 ከዚያ እህቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አሁንም ለእኔ፣ «እናቴን ሳልደርስ ቀበራት» አለች። «ስመጣ አፈሩ ተመልሷል። ፊቷን አላየሁም። ስለ ዋንዛው መስሎሻል እንዴ?»

ወንድሙ መሬት መሬቱን ያያል። «ንገሪያት» አለ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ስሞክር ነው የዋልሁ። ኔትወርክ የለም። ሰዉ ተሰብስቦ፣ ካህናቱ መጥተው፣ ምን ላድርግ?»

ይህን ማንም ለማንም ማድረስ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም ሰምተዋል። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጅቷ ልትዳር ነው፤ የእናቷ ወንድም ግን አልተጠራም። ሳይጠራ ደግሞ አይሄድም። ሙሽራ አጎቷ በሌለበት ትሸኛለች፣ ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚገናኙት ምናልባት ለቀብር ነው።  እኔ ሳዝን ደግሞ እቆጣለሁ፤ «በሉ ከመጋዙ ራቁ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

መብራት እድሜ ይስጠውና ያን ቀን አልጠፋም። የዳርዳሩ ጣውላ እየተላጠ ወጣ፤ ያ የዋንዛ ቡናማ ቀለም ብቅ ሲል ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ጣውላውን እንደ ቅርጫ ሥጋ ሁለት መደብ አድርገን ደረደርነው፤ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ፣ ቀጭን ከወጣ በወፍራም ማካካስ። የርስት ግንድ ሲመጣ ሁሌም የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሥጋ መካፈል የለመደ ሰው ጣውላም ሲካፈል አይከፋውም። መጨረሻ ላይ ዕጣ ይጣላል፣ የደረሰውን ይዞ ይሄዳል።

ልክ መሀሉ ላይ፣ ሁለቱም የጓጉለት ሰፊው ጣውላ ተሰንጥቆ ሊያልቅ ሲል፣ ኳ! አለ። የመጋዙ ጥርስ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ሄዶ ተሰካ። ሠራተኛዬ ዘሎ ማጥፊያውን መታው። እኔ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጾም ነበር።

«የለውም አላላችሁም?» እያልኩ ስጮህ ሠራተኛዬ በመሮ ዙሪያውን ፈልፍሎ አወጣው። ሚስማር አይደለም። እንደ ጣት የወፈረ፣ ጫፉ የታጠፈ የብረት ሜንጦ ነው። በጣውላው ላይ ዙሪያው ሁሉ ጠቁሯል፤ ብረት እንጨት ውስጥ ሲከርም እንዲያ ያጠቁራል።

ወንድሙ ከሠራተኛዬ እጅ ተቀበለው። አገላብጦ አየው። ከዚያ ሳቅ አፈነው።

«የበጉ!» አለ።

በሁዳዴ ስለ በግ ማን ያስባል? ለካ ሜንጦው የፋሲካ በግ ታርዶ የሚሰቀልበትና የሚገፈፍበት ነው። እያንዳንዱ ቢቸና ያለ ግቢ እንዲህ ያለ አንድ ዛፍ አለው፤ ማንም ግን ብረት ብሎ አይቆጥረውም። በግ ማንጠልጠያ ነው በቃ። ዛፉ ሲውጠው ሌላ ከፍ አድርገው መትተዋል፣ የፊተኛውን ረስተውታል።

«ይሄን የመታሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ለእኔ። «አባታችን ያረፈ ዓመት። ቤት ውስጥ ወንድ እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ልረድ ተባለ። ቢላዋ እንኳ በወግ ይዤ አላውቅ! በጉ አመለጠኝ። ለሴትዮዋ ንገሪያት፣ ታስታውሳለች ወይ በያት፣ በጉን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ድረስ ሮጣ ሄዳ፣ በቀንዱ እየጎተተች ያመጣችው እሷ ናት። ኋላም እግሩን ይዛልኝ ዓይኗን ጨፍና ‹ቶሎ በል› ትለኝ ነበር።»

እህቲቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀች ነው። «ንገሪው» አለች፣ «እኔ አልነበርሁም ዓይኔን የጨፈንሁ። እሱ ነው።»

በተረፈው የመጋዝ ጥርስ እንደምንም ብለን ጨረስን። ሁለቱ መደብ እኩል ሆኑ፤ ሰፊው፣ ጥቁሩ ያለበት ጣውላ ግን አቻ የለውምና ከመደቡ ውጭ ቀረ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። እሱ የክብሪት እንጨት፣ እሷ ሰበዝ ለሠራተኛዬ ሰጡ፤ እኔ የማን የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ዞሬ ከእሱ ተቀብዬ በየመደቡ ላይ ጣልኩ። ማንም አልተከራከረም። የተረፈችውን አንዷን ጣውላ ግን ምን እናድርጋት? ለሁለት ብንቆርጣት ለማንም አትሆንም። ሽማግሌዎቹ ይህን አላሰቡበትም።

«ትውሰደው» አለ ወንድሙ። «ራስጌ ይሆናታል፣ ለልጂቱ አልጋ። ጥቁሩን አናጢው ወደ ውስጥ ያዙረው፣ አይታይም። በሩን ከሌላው አሠራለሁ።»

እህቲቱ ጎንበስ አለች። ጣውላው ላይ ጥቁሩን ቦታ በመዳፏ ደባበሰችው። አልተስማማትም ብዬ ፈራሁ። የአይሱዙው ሾፌር ቸኩሎ ጥሩምባ ነፋ። ወንድሙ የራሱን ድርሻ ሊያስጭን ዞረ፤ በቃ እንዲህ ተለያዩ ብዬ ተናደድኩ፣ በሁለቱም።

«ንገሪው» አለችኝ ያኔ።  «ለሰርጉ ሙክት ገዝቻለሁ። የሚያርድልኝ ሰው የለኝም።»

ወደ እሱ ዞርኩ፤ አፌን ልከፍት ስል እሱ የያዘውን ጣውላ መሬት አስቀምጦ በእኔ በኩል አልፎ ሄደ።

«እታለም» አላት፣ «ቀኑ መቼ ነው?»

«ለዳግማይ ትንሣኤ» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «ቀደም ብለህ ና።»