ዘበኛዋና የአናጢው በር

ሰው ቤት ያለ ፈቃድ መግባት ለእሷ ከሌብነት አይተናነስም። ደጋፊ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞረ በሚረዳ ድርጅት ውስጥ፣ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የምትመራው እሷ ናት። «በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ አንኳኩ! ግቡ እስኪሏችሁ ቁሙ!» ትላለች ጠዋት ማታ። ተማሪዎቹ ከጀርባዋ «ዘበኛዋ» ይሏታል። ሰምታለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ልጅ ሳለች እናቷ ታማ ተኝታ፣ እንርዳ ብለው የመጡ ሰዎች ዘው እያሉ ድስቷን ሳይቀር ሲከፍቱ፣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አይታለች። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

የዘንድሮዋ ተማሪ ግን፣ አቤት ችኮላ! «ጥድፊያ» ብላ ስም ያወጣችላት ራሷ ዘበኛዋ ናት። ልጅቷ ልቧ ወርቅ ነው፤ እግሯ ግን ከሐሳቧ ይቀድማል። ዓይናቸው የጠፋ አንድ አዛውንት አናጢ ዘንድ ስትላክ፣ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችውና ዘው አለች። ሰውየው ጓሮ ነበሩ። ላስደስታቸው ብላ ጠረገች፣ ወለወለች፣ ወንበሩን መስኮት ስር ወስዳ አስቀመጠች። አናጢው ሲመለሱ፣ በገዛ ቤታቸው፣ የገዛ ወንበራቸው ጠልፎ ጣላቸው። ጉልበታቸው ተላጠ። ወዲያው አስወጥተዋት በሩን ቀረቀሩት።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቱግ አለ። «ዓርብ ራሴ እሄዳለሁ። ሰውየው አሁንም አላስገባም ካሏት፣ ልምምዱን ወድቃለች፤ ታሰናብቻታለሽ።»

«እሺ» አለች ዘበኛዋ። «እስከዚያ ግን የኔ ናት።»

ጥድፊያ እያለቀሰች መጣች። «እትዬ፣ ምን ብዬ ልለምናቸው?»

«መለመን የለም። ይቅርታ ጠይቂና ቁጭ በይ። ያውም ውጭ!»

ልጅቷ በየቀኑ እየሄደች አንኳኳች። «አባባ፣ አጥፍቻለሁ፤ እዚሁ ደጅ ነኝ» ብላ ደፉ ላይ ትቀመጣለች። በሩ ግን አይከፈትም። ዘበኛዋ ከመንገዱ ማዶ ሆና ስታያት አንጀቷን በላቻት፤ ሄዳ ልታማልድላት ቃጥቷት ጥርሷን ነከሰች። ሐሙስ ዕለት ከውስጥ ድምፅ መጣ፦ «ወንበሬ የቱ ጋ ነበር?»

«ከአልጋዎ ራስጌ፣ አባባ።»



ዓርብ ሦስቱም ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ «ተከፍቷልኮ!» ብሎ ሊገፋው እጁን ሲዘረጋ፣ ጥድፊያ ከፊቱ ቆመች። ዕጣዋ በእጁ ያለ ሰው ፊት!

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ገና አልፈቀዱም።» ዞራም አንኳኳች።

ሥራ አስኪያጁ እጁን ሰበሰበ። 

«ልጄ ነሽ?» አሉ አናጢው ከውስጥ። «ግቢ። አብሮሽ ያለውንም ሰውዬ አስገቢው።»

ሁለቱ ገቡ። ዘበኛዋ ደጅ ቀረች፤ አልተጠራችማ! በስንት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እውነተኛ ዘበኛ መስላ።

ትንሽ ቆይቶ ጥድፊያ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አስፈቅጄልዎታለሁ፤ ይግቡ።»