የከብቶቻችን ቁጥር

ከኮሎምበስ ወጣ ብለን መሬት የገዛነው ለበዓል ቅርጫ በሬ እናደልባለን ብለን ነው። የመንግሥት እርሻ ቢሮ ሠራተኛዋ «ስንት ከብት አላችሁ?» ስትለን ባሌ ግማሹን ደበቀ። ታክስ ፈርቶ አይደለም፤ እሱ ባደገበት አገር የከብት ቁጥር አይነገርም፣ የሰው ዓይን ይበላዋል። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ኦሃዮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት፤ በጄ አላለም።

ሰመር ላይ ዝናብ ጠፋ፤ ሳሩ ነደደ። ቢሮው የድርቅ ድጎማ በተመዘገበው ከብት ልክ ሲከፍል ጎረቤታችን ለመንጋው በሙሉ ድርቆሽ ገዛ። ለእኛ የመጣው የግማሹ ብቻ ነው። ከብቶቹ መስኮቴ ሥር እየመጡ በረሃብ ሲጮሁብኝ የት አባቴ ልግባ?

ሊሸጡ መኪና ላይ ሲወጡ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብሎ፣ አንድ በአንድ ቆጠራቸው።