በአስቴር ደብተር ላይ ያነበብኩት

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ነገር ከእኔ አፍ የሰማ ሰው አልነበረም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬም «ሰው አስቀይሜአለሁ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ። አባ ማንን፣ እንዴት ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ስላልጠየቁኝ ደስ አለኝ። እዚህ ግን በደፈናው ማለፍ የለም። እኔ፣ የዲላ ልጅ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪው፣ የአንዲትን ልጅ ምሥጢር ሰው ፊት አነበብኩ። ጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ሲላከክም አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ አየሁ።

ያኔ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍል ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ከደንበኞቹ አንዱ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ አሪቻ አካባቢ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ቤታቸው ግን እዚሁ ዲላ ነበር። እህታቸውን አስቴርን አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ እንግሊዝኛው ከበዳትና በሳምንት ሦስት ቀን እንዳስጠናት ለመኑኝ።

እኔም ዘዴ አለኝ ባይ ነበርኩ። ደብተሯን በአራት ዓምድ እንድትከፍለው ነገርኳት። መጀመሪያ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ቀጥሎ የአማርኛ ፍቺው፣ ከዚያ በጌዴኡፋ፣ በጌዴኦ ቋንቋ፣ የሚባለው፣ መጨረሻ ላይ ምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር። የጌዴኡፋውን ዓምድ ያመጣችው ራሷ ናት፤ ዲላ ተወልጄ አድጌ ከሰላምታ በላይ ጌዴኡፋ የማላውቅ እኔ ከየት አመጣዋለሁ? የአራተኛው ዓምድ ሕግ ግን የእኔ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆን አለበት አልኳት። መጽሐፉ ላይ እንዳለው «ንጉሡ በቤተ መንግሥት ይኖራል» እያሉ መጻፍ ቃል አያስይዝም፤ የራስሽን ኑሮ ጻፊ፣ ያኔ ፈተና ላይ አይጠፋብሽም።

እሷም ጻፈች። «ትዕግሥት» ለሚለው ቃል እናቷ ጉድጓድ ውስጥ የቀበረችውን ቆጮ ጻፈች፤ ጊዜው ሳይደርስ የሚነካው የለም ብላ። «ቅናት» ለሚለው ደግሞ፣ «የጓደኛዬን የማርታን እንግሊዝኛ ስሰማ እቀናለሁ፣ ግን በጣም እወዳታለሁ» አለች። ማርታ ጎረቤቷ ናት። አብረው ያደጉ፣ አንድ ወንበር ላይ የሚማሩ ልጆች ነበሩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓረፍተ ነገሮቹ ተለወጡ። በአማርኛም በጌዴኡፋም ለሰው የማትናገረውን እዚያ መጻፍ ጀመረች። ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ እንግሊዝኛ የሚያነብ ስለሌለ ልቧን ጥላ ነበር የምትጽፈው። አንድ ቀን ገጹን በእጇ ሸፈነችና «ቲቸር፣ ይሄን አንተ ብቻ ነህ አይደል የምታየው?» አለችኝ።

«እኔ ብቻ» አልኳት።

አንድ እሑድ ጋሽ ታደሰ ምሳ ጠሩኝ። ስደርስ ከይርጋጨፌ የመጡ ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። አስቴርን ለአንድ ቡና ነጋዴ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው፤ ጋሽ ታደሰም በልባቸው ከፈቀዱ ቆይተዋል። አስቴር ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ ላይ ነበረች። ቆጮው በጎመን ተበላ፣ ጨዋታው ደመቀ። ጋሽ ታደሰ በእህታቸው ትምህርት መኩራት ፈለጉና ደብተሩን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። አፍ የፈቱት በጌዴኡፋ ነውና አማርኛ ሲናገሩ እህታቸውንም በወንድ ነበር የሚጠሯት።

«አስቴር ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። እኛ ምን እንደሚጽፍ አናውቅም። እስቲ አንብብና ለእንግዶቹ በአማርኛ ንገርልን» አሉ።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ተረጎምኩ። ስለ ቆጮው ሲሰሙ ሳቁ። አንደኛው ሽማግሌ «አንተ ልጅ ጎበዝ ነህ» አሉኝ። ጎበዝ ነህ! ሃያ ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ትልልቅ ሰዎች እኔን የሚፈልጉኝ የጨርቅ ጥቅል ከመደርደሪያ ላይ እንዳወርድላቸው ነበር። አሁን አፍ አፌን ያዩኛል። ገጹን ገለጥኩ። «መወሰን» የሚለው ቃል ነበር። ዓይኔ ከምላሴ ቀድሞ ደርሷል፤ ምን እንደሚል አውቄ ነው ያነበብኩት። «ወስኛለሁ። ፈተናውን ካለፍኩ ሩቅ ሄጄ እማራለሁ። ወንድሜ የመረጠልኝን ሰው አላገባም።»

ሌላ ነገር ማለት አልችልም ነበር? እዚያ ቤት ውስጥ ተሳስተሃል ብሎ የሚይዘኝ ማን ነበር? ዝናብ ይዘንባል ይላል ብላቸው፣ ዝናብ ይዘንባል ብለው ቡናቸውን ባሰቡ ነበር። ደግሞ ስንት ጊዜ «እኔ አልዋሸሁም» ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ! እውነት ነው፣ አልዋሸሁም። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አላጎደልኩም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥርቼ ተርጉሜ አላውቅም።

ሽማግሎቹ ኮታቸውን ለብሰው ተነሡ። ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። ሸኝተዋቸው ሲመለሱ በር ላይ ጠብቄ «ጋሼ፣ ያነበብኩት እኔ እንደሆንኩ እንዳይነግሯት» ብዬ ለመንኳቸው። «እሺ፣ አልናገርም» አሉኝ። በሳምንቱ አስቴር ሬኮ ወደሚባል ገጠር፣ አክስቷ ዘንድ ተላከች። በዚያ ዓመት ለፈተና አልተቀመጠችም።

ወንድሟ «ሰው አነበበልኝ» ብቻ ስላሏት፣ ጥርጣሬዋ ማርታ ላይ አረፈ። ከእኔ ሌላ እንግሊዝኛ የምታነብና ደብተሩ አጠገብ የምትደርስ እሷ ብቻ ነበረች። እኔማ ቲቸር ነኝ፣ ማን ይጠረጥረኛል? ማርታ እያለቀሰች እኔ ዘንድ መጣች። «ቲቸር፣ በእግዚአብሔር እኔ አይደለሁም። አንተ ንገራት፣ አንተን ታምናለች» አለችኝ። እነግራታለሁ አልኳት። አልነገርኳትም። ማንበቤ የአንድ ቅጽበት ጥፋት ነበር ሊባል ይችላል። ይሄኛው ግን በየቀኑ እንደ አዲስ የምሠራው ጥፋት ነበር፤ ሱቅ በር ላይ ማርታን ባየሁ ቁጥር እሠራው ነበር።

አስቴር ከሦስት ዓመት በኋላ በግል ተፈትና አለፈች፤ ነርስ ሆና ወደ ዲላ ተመለሰች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ በሁለት እጇ ትጨብጠኛለች። «እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው» ብላ ለሰው ታስተዋውቀኛለች። እኔም ምስጋናዋን እየተቀበልኩ አልፋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን የሚቀበል? እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ጋሽ ታደሰ ታመው አረፉ። ለቅሶው ላይ ማርታ መጣች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ጎንበስ ስትል አስቴር ፊቷን አዞረችባት። ማርታ ድንኳኑ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች፤ ማንም አጠገቧ አልሄደም። ያኔ ገባኝ። ጋሽ ታደሰ የገቡልኝን ቃል ይዘው ተቀበሩ፤ እኔ ለእህታቸው የገባሁትን ቃል በአንድ ምሳ በላሁት። ከእንግዲህ ለአስቴር እውነቱን የሚነግራት ከእኔ ሌላ የለም። ዝም ብዬ ከሞትኩ ማርታ ለዘላለም ጥፋተኛ ሆና ትቀራለች።

ድንኳኑ ሊነሣ ሲል አስቴር አጠገብ ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ልጅ ነበርኩ፣ አላሰብኩትም፣ የሚል። ሁሉም ጠፋብኝ።

«አስቴር፣ ደብተርሽን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ማርታ አይደለችም» አልኳት።

«ማርታ እኔ አይደለሁም ብላህ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«በዚያው ሳምንት።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። እኔ ግን፣ ማመን ያስቸግራል፣ ቀለለኝ። ደረቴን ተጭኖ የኖረው ነገር ተነሣልኝ። በሰው ሐዘን ድንኳን ውስጥ፣ ገና ይቅር ሳልባል፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«አንተን በኋላ፣ ቲቸር። መጀመሪያ እኔ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ» አለች።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ማርታ ቤት ተሻገረች። እኔ የተውሶ ወንበሮቹን ከልጆቹ ጋር አነሣሁ።

ወር ሆነው፤ እስካሁን አልጠራችኝም። ትጥራኝ አትጥራኝ የእሷ ፈንታ ነው፤ ልጅ ነበርኩ አልልም፣ አላወቅኩም አልልም፣ አውቄ ነው ያደረግኩት። ግን እንቅልፍ እየተኛሁ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ተቀምጠው፣ ተደጋግፈው እየሳቁ በአጠገቤ አለፉ። አላዩኝም። እኔም አልጠራኋቸውም።