የዳኑ ሰዎች ሳጥን

አባቴ እንደዳነ የነገሩን ማክሰኞ ቀን ነው። ቀኑን የማልረሳው የፈተና ሰሞን ስለነበር፣ የሃምሳ ስምንት ልጅ ወረቀት ታቅፌ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆስፒታል ስለሄድኩ ነው። ዶክተሯ ውጤቱን አየችና «አባት፣ ቫይረሱ ጠፍቷል፤ እንኳን ደስ ያለዎት» አለችው። እኔ ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፌ አቀፍኳት። ዛሬ ያ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር የራሴን እጅ መንከስ ያምረኛል።

አባቴ ዐሥራ አራት ዓመት የሠራዊት መኪና ነድቷል። የተሰናበተው በአስር አለቃ ማዕረግ ነው፤ ሰፈራችን ግን ያለ ደመወዝ ጭማሪ ሻምበል አድርጎ ሾሞታል። ከሠራዊቱ ወጥቶ አውቶቡስ ማዞሪያው አጠገብ ጎሚስታ ከፈተ። ብቻውን ነው የሚሠራው። የተበሳ ጎማ ሲመጣለት የውስጡን ላስቲክ አውጥቶ ይነፋዋል፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል፣ ያደርቀዋል፣ ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፈዋል። ሌላው ጎሚስታ እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ እጁን ይታጠባል። አባቴ ግን የለጠፈውን እንደገና ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፣ ቀስ እያለ ሦስት ጊዜ ያዞረዋል፣ ዓይኑን ከውሃው ላይ አይነቅልም። የቸኮለ ሹፌር ቆሞ ቢነጫነጭ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ቫይረሱን ይዞት የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። እግሩን ቆስሎ በተኛበት ድንኳን ውስጥ አንድ መርፌ በውሃ እየተለቀለቀ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። አጠገቡ የተኛው የመገናኛ ወታደር ነው፤ ወሬ ከጀመረ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ይሉታል። ሁለቱም በዚያው መርፌ ተወጉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለቱም ሄፓታይተስ ሲ አለባችሁ ተባሉ። ጋሼ ሬዲዮ «እኛ የመርፌ ወንድማማቾች ነን፣ ውርሱንም እኩል ተካፈልን» እያለ ያስቀን ነበር። በሆስፒታሉ የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ክኒን ዋጡ፣ ሁለቱም ዳኑ።

ዶክተሯ የዚያን ማክሰኞ ሌላም ነገር ተናግራ ነበር። «ጉበትዎ ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል» አለችው። «ቫይረሱ ቢጠፋም ከጠባሳው ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ቶሎ ከተገኘ ይጠፋል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ እናየዋለን። ቀኑ ሲደርስ እኛ እንደውላለን።» ይህንኑ ካርዱ ላይ በእጇ ጻፈችው።

«እንደውላለን» ሲባል አባቴ የሰማው ትዕዛዝ ነው። በማስቲሽ እጁ እንዳያበላሸው ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ለምርመራው ቀን ብሎ አንድ ነጭ ሸሚዝ አስተኩሶ ቁም ሳጥን ውስጥ ለብቻው አስቀመጠ። ስድስት ወር አለፈ፣ ዓመት ሆነ፣ ስልኩ የሚጮኸው ጎማ ለተበሳበት ሰው ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እነዚያ ሰዎች አልደወሉም እንዴ?»

«ሲደርስ ይደውላሉ።»

«ሄደህ ብትጠይቃቸውስ?»

«ሳይጠሩኝ? ሰልፍ ሰብሬ?»

ይህ የሱ ብቻ አመል አይደለም፤ የዚያ ሠራዊት ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ስም ሳይጠራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መውጣት ነውር ነው እየተባሉ ወጣትነታቸውን ጨርሰዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ለመግደል ጥይት አያስፈልግም፣ ሳይጠሩት ዝም ማለት ይበቃል። እኔም ብሆን የተሻልኩ አይደለሁም። «ድኗል» የሚለውን ቃል በጣም ስለወደድኩት ከሱ ቀጥሎ የተባለውን ቸል አልኩ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ቸል አልኩ።

አንድ ቀን ጋሼ ሬዲዮ ሆዱ አብጦ ሆስፒታል ገባ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። የጉበት ካንሰር ነው አሉ። ለቅሶው ላይ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እትዬ፣ በየስድስት ወሩ ምርመራ ይሄድ አልነበረም?» አልኳት።

«የምን ምርመራ የኔ ልጅ? እንደውላለን ብለውት፣ ስልኩን ታቅፎ ሲጠብቅ ነው የኖረው» አለችኝ።

ቀና ስል አባቴ ከወንዶቹ መካከል ቆሟል። ሱሪው ወገቡ ላይ ተጨማዶ በቀበቶ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ስንት ኪሎ እንደቀነሰ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በየቀኑ አብሬው እራት እየበላሁ አላየሁትም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ክፍሌን ለባልደረባዬ ትቼ እጁን ይዤ ወሰድኩት። ሸሚዙን ለብሷል። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «ይቆጡናል» አለኝ፤ እጁን አልለቀቅሁም።

ከካርድ ክፍሉ መስኮት ኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ስሙን ጠይቃ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፣ አጣችው፣ ከዚያ «ቆይ እስቲ» ብላ ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛዋ ሥር የካርቶን ሳጥን ጎትታ አወጣች። ሳጥኑ ላይ በወፍራም ብዕር «የዳኑ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይኸው! የሳቸው ካርድ ተዘግቷል፣ ድነዋል እኮ» አለችኝ፣ የምሥራች እንደምትነግረኝ ሁሉ ፈገግ ብላ።

«እስቲ ገልጠሽ አንብቢው።»

አነበበችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «በየስድስት ወሩ ይታይ ይላል... ግን ቫይረሱ የጠፋለት ሁሉ ካርዱ ይዘጋ ተብዬ ነው።»

«ማነው ያለሽ?»

«ከላይ ነው የታዘዝኩት።»

«ከላይ ያለው እግዜር ነው! እሱ ነው ያዘዘሽ?»

የኔ ድምፅ ለሃምሳ ስምንት ልጅ የተሠራ ነው፤ ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየን። አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ተይ ልጄ። የታዘዘችውን ነው የሠራችው።»

«አንተስ ያዘዙህን አይደል የሠራኸው? ጋሼ ሬዲዮስ?»

የጓደኛውን ስም ስጠራ እጁ ከክንዴ ላይ ወረደ። ወደ መስኮቱ ቀረበና የጋሼ ሬዲዮን የመዝገብ ስም ከነአባቱ ነገራት። «የሱ ካርድስ ወዴት ነው?» አላት።

ሳጥኑን አገላብጣ ከመካከል አንድ ካርድ መዘዘች። «እዚሁ ነው አባቴ። እሳቸውም ድነዋል።»

«ሐሙስ ቀበርነው» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሰልፍ ጠብቁ አላለንም። ዶክተሯ ራሷ እየሮጠች መጣች። ጠባቧ የአልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ አስተኙት፣ ሆዱን በዚያ ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡት፣ መሣሪያው ከጎድኑ ሥር ወዲያና ወዲህ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ዶክተሯ እዚያ ያገኘችውን እጢ ለካችው። ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። በሳምንቱ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ እጢው ወደ ጉበቱ ትልቅ የደም ሥር መግባቱንም አሳየን። «ትንሽ እያለ ብናገኘው በመርፌ አቃጥለን እናጠፋው ነበር» አለች ዶክተሯ። «አሁን በመድኃኒት እናዘገየዋለን እንጂ አናጠፋውም።»

አባቴ ኮቱን ለብሶ ጨረሰ። ከዚያ በዕድሜዬ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ተናገራት። «ዶክተር፣ እኔ ጎማ ለጣፊ ነኝ። የለጠፍኩትን መልሼ ውሃ ሳልነክር ለባለቤቱ ሰጥቼ አላውቅም። ያውም ጎማ ነው! ቢተነፍስ ሰውየው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። እናንተ የለጠፋችሁት ሰው ነው። ሰው ለጥፋችሁ እንዴት መልሳችሁ አታዩም?»

ዶክተሯ አለቀሰች። እኔ ግን አላዘንኩላትም፤ ዛሬም አላዝንላትም።

እሱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ካርድ ክፍሉ ሄደ። «ሳጥኑ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ሴትዮዋ ቆጠረች፣ አርባ አንድ። «አውጪያቸውና ደውይ» አላት። ከላይ ሳይታዘዝ እንዴት አድርጌ ብላ ስትንተባተብ «እኔ አዝዤሻለሁ!» ብሎ ጮኸባት። ሰፈሩ በቀልድ የሰጠውን ማዕረግ በቁም ነገር ሲጠቀምበት ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ዶክተሯ ከኋላችን መጥታ ሁሉም ይጠሩ የሚል ወረቀት ጽፋ ፈረመች። ወንበር አመጡለትና ከመስኮቱ በስተውስጥ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ትደውላለች፣ ሰውየው ሲያነሳ ስልኩን ለሱ ታቀብለዋለች። ሁለት ቀን ፈጀ። የዘጠኙ ስልክ አይሠራም። የአራቱን ያነሱት ሚስቶቻቸው ናቸው፤ ለአራቱም አባቴ ተነሥቶ ቆሞ «ነፍስ ይማር» አለ።

አንዱ ደግሞ፣ በሠራዊቱ ወጥ ቤት የነበረና አሁን የመጋዘን ጥበቃ የሆነ ሰውዬ፣ ከስልኩ ውጭ እስኪሰማ እየሳቀ «እኔ እኮ ድኛለሁ፣ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» አለ።

«ድነሃል ያሉኝ እኔንም ነው!» ብሎ አንባረቀበት አባቴ። «ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቁርስ ሳትበላ፣ እዚህ መስኮት!»

እኔ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉዳዩ እየተጣራ ነው የሚል አንድ መልስ ደረሰኝ፣ የማን ፊርማ እንደሆነ እንኳ የማይነበብ። ያንን ትዕዛዝ የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አንድ ቀን ባገኘው የምለውን አውቀዋለሁ፣ ግን እዚህ አልጽፈውም።

አባቴ በሁለተኛው ወር አልጋ ያዘ። ጎሚስታው ተዘጋ። አንድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ፣ ብከፍት ወፍራም፣ ጉንጩ የሞላ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ያ የመጋዘን ጥበቃ ነው።

«ሻምበል አሉ? አመሰግናለሁ ልላቸው ነው።»

«አገኙብህ?»

«አዎ እህቴ። አንድ ሴንቲ ተኩል ናት፣ ሽምብራ ነው የምታክለው አሉኝ። በመርፌ አቃጠሏት፣ በሳምንቱ ሥራ ገባሁ» አለና ሳቀ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ አላለኝም። በሩን ፊቱ ላይ ልዘጋው ፈለግሁ። የአባቴም አንድ ቀን ሽምብራ ታክል ነበር፤ ያን ጊዜ ካርዱ ጠረጴዛ ሥር፣ ስልኩ ሚስማር ላይ ነበሩ። ይህ ሰው ያለ ጥፋቱ ፊቴ ቆሞ ጤናውን ሲያሳየኝ ለጥቂት ጊዜ ከልቤ ጠላሁት። ከዚያ አፈርኩና ግባ አልኩት።

«ማነው?» አለ አባቴ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ።

ሰውዬው ከመኝታ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ማንነቱን ተናገረ።

«ደግመው የሚያዩህ መቼ ነው?»

«ከሦስት ወር በኋላ ነው አሉኝ፣ ሻምበል» አለ ሰውዬው። «አያስቡ፣ ይደውሉልኛል።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። አባቴ ሊነሳ እየታገለ ነበር።